የተበላሸ ዲስክ ሲለወጥ ጤነኛው እንዳይነቀል

አንድ ዲስክ የተቃጠለበት ስቶሬጅ (ብዙ ዲስክ የያዘ የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ)፣ የዲስክ እጦትን በሚችል የሬይድ ዓይነት፣ ማለትም የጠፋው ዲስክ መረጃ ከቀሩት እንዲመለስ ተደርጎ፣ እስከተዋቀረ ድረስ ገና ምንም መረጃ አላጣም። የሚያሰጋው ከብልሽቱ በኋላ የሚገባው የጥገና እጅ ነው። ይህን የምጽፈው ራሴ አጥፍቼ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሬይድ 5 የተዋቀረ ባለ ስምንት ዲስክ ስቶሬጅ «ዲስክ 4 ተበላሽቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ከባልደረባዬ ጋር ከግራ ቆጥረን አራተኛውን ሳብነው። መሣሪያው ግን ቁጥሩን የሚጀምረው ከዜሮ ስለነበር የተበላሸው አምስተኛው ነበር። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ እጦት ብቻ በመሆኑ፣ ጤነኛውን ስንነቅል የመሥሪያ ቤቱ ፋይል በሙሉ ቆመ፤ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) ለመመለስም ሁለት ቀን ፈጀብን።

ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚለወጠውን ዲስክ በሁለት ማስረጃ መለየት ይገባል። በመጀመሪያ ከስቶሬጁ ማስተዳደሪያ ገጽ የዲስኩን ሴሪያል ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ ከዚያው ገጽ የመፈለጊያ መብራቱን እንዲያበራ ያዝዙና ፊት ለፊት ቆመው የትኛው ዲስክ ብልጭ ድርግም እንደሚል ይመልከቱ። የብልሽት መብራት በአብዛኛው ብርቱካናማ ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተበላሸ ግን ሊበላሽ የተቃረበ ሌላ ዲስክም ተመሳሳይ ቀለም ሊያሳይ ስለሚችል ቀለሙን ብቻ ማመን አይበቃም። ዲስኩ ፈጽሞ ሞቶ መብራቱ የማይበራ ከሆነ፣ የጤነኞቹን ሁሉ መብራት አስበርቶ የቀረውን መለየት ይቻላል። ሁለቱ ማስረጃዎች ካልተስማሙ እጅ አይገባም።

ባክአፕ መኖሩንም በስም ብቻ ሳይሆን አንድ ሁለት ፋይል ከውስጡ አውጥቶ በመክፈት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቀሩት ዲስኮች አንዱ የንባብ ስሕተት እያሳየ ከሆነ፣ ከመለወጡ በፊት መረጃውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቀድማል፤ የጠፋውን መረጃ በተተኪው ዲስክ ላይ እንደገና የሚጽፈው መልሶ ግንባታ የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ የደከመው ዲስክ የሚወድቀው በዚያው መሐል ሊሆን ይችላልና።

ተተኪው ዲስክ በአገናኙ ዓይነት ከነባሮቹ ጋር አንድ፣ በመጠኑም እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የአባይን በረሃ ጠመዝማዛ የሚወርደው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በሰው እጅ፣ ከነስፖንጁ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ደረሰም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ከማሸጊያው ሳይወጣ ይቆይ።

በበጋ ወራት የጎጃም ደጋ አየር ደረቅ ስለሆነ የሰውነት የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ በተለይ ለብርድ የሚለበሰው ሰው ሠራሽ ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣውን ያስታውሱ። ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር የእጅ አንጓ ማሰሪያ አድርጎ ቀለም ባልተቀባው የመሣሪያው ብረት ላይ ማያያዝ ተገቢ ነው። ይህ የሚሠራው ግን የሶኬቱ የመሬት ሽቦ በእርግጥ ከመሬት ጋር ከተገናኘ ብቻ በመሆኑ፣ አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይለካ።

መሣሪያው ሳይጠፋ ዲስክ መለወጥ የሚፈቅድ ከሆነ፣ መያዣውን ከፍተው ዲስኩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሳቡና ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ። በዲስኩ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከረው መረጃ ያዥ ሳህን ወዲያው አይቆምም፤ ቸኩሎ ያወጣ ሰው በእጁ ላይ እንደ እንዝርት ሲታገለው ይሰማዋል። ከቆመ በኋላ በሁለት እጅ ያውጡት። አዲሱንም በቀስታ እስከ መጨረሻው ገፍተው መያዣው ቀጭ እስኪል ይዝጉ። ካልገባ በኃይል አይገፋም፤ መልሶ ማውጣትና አቀማመጡን ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። 8 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ መልሶ ግንባታው 22 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ስቶሬጁ ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። በዚህ ጊዜ መብራት መጥፋቱ ስለማይቀር ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ) ብቻ ተማምኖ መጀመር አይገባም፤ የጄኔሬተሩ ነዳጅና ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ኮንትሮለር ባትሪ አስቀድመው ይታዩ። ግንባታው ሳያልቅ ሌላ ክፍል አይነካም።

ፓወር ሰፕላይ ሁለት ካለ አንድ በአንድ፣ ሌላው ብቻውን ጭነቱን መሸከሙ ታይቶ ይለወጣል። ፋን ሲለወጥ ግን ተተኪው አጠገብ ተዘጋጅቶ በደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል፤ በርካታ አምራቾችም ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። ከተማው ብርዳም ነው ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

የወጣው ዲስክ ቀኑና የነበረበት ቦታ ተጽፎበት ግንባታው እስኪጠናቀቅ ይቀመጥ። ተበላሸ የተባለ ዲስክ ላይ የሰው መረጃ ሊነበብ ስለሚችል፣ ከዚያም በኋላ ለቆራሊዮ አይሰጥም፤ ሳህኖቹ ተበስተው ወይም ተሰባብረው ይወገዳሉ።