ቁጥርዎ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ፦ ችግርና መፍትሔ

ጎንደር ላይ የኔትወርክ መጥፋት ብርቅ አይደለም። ስልኩ ዝም ሲል «መብራት ሄዶ ይሆናል፣ ይመለሳል» ብሎ መጠበቅ ልማድ ሆኗል። የሰው ቁጥር የሚሰርቁትን የሚጠቅማቸውም ይኸው ልማድ ነው። ባለቤቱ ኔትወርክ ሲጠብቅ እነሱ በቁጥሩ የሚላከውን የባንክ ኮድ ይቀበላሉ። ስለዚህ ምልክቱን ቶሎ መለየት ግማሽ ሥራ ነው።

ኔትወርክ የጠፋው የእርስዎ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ

መጀመሪያ አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጠይቁ። የሚጠይቁት ሰው ግን የእርስዎን ዓይነት ሲም የያዘ ይሁን። በ09 የሚጀምር ቁጥር ይዘው በ07 ከሚጠቀም ሰው ጋር ቢያወዳድሩ ምንም አያውቁበትም። የሱ እየሠራ የእርስዎ «ለድንገተኛ ጥሪ ብቻ» ካለ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። ካልተመለሰ ሲሙን አውጥተው በሌላ ስልክ ይሞክሩት። እዚያ ከሠራ ችግሩ የቀፎዎ ነውና ጥገና ቤት ይውሰዱት።

እዚያም ካልሠራ በሰው ስልክ ወደ ራስዎ ቁጥር ይደውሉ። ሲምዎ መዳፍዎ ላይ ተቀምጦ ጥሪው ከጠራ፣ ቁጥሩ በሌላ ሲም ላይ ሥራ ጀምሯል። «ስልኩ ዝግ ነው» ቢል ግን ደህና ነኝ ብለው አይዘናጉ፤ ሌባው ኮድ እስኪፈልግ ድረስ ስልኩን አጥፍቶ ሊያቆየው ይችላል።

ምክንያቱ ምትክ ሲም ነው። አንድ ሰው የመታወቂያዎን ቅጂ ወይም አስመስሎ የተሠራ መታወቂያ ይዞ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ካወጣ፣ አዲሱ ሥራ ሲጀምር የእርስዎ ይሞታል።

መፍትሔው ፍጥነት ነው። ሁለት ሰውና ሁለት ስልክ ያግኙ። አንዱ ለኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ደውሎ ቁጥሩን ያሳግድ። ሌላው በዚያው ሰዓት ባንክ ይደውል፤ የንግድ ባንክ 951 ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ በአካል ይሮጣል። ከአዘዞ ተነሥቶ ታክሲ ጠብቆ ፒያሳ እስኪደርስ ድረስ ሂሳቡ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ስልኩ ይቅደም፣ እግር ይከተል። ሲደውሉ ማንነትዎ ይጠየቃልና ሲሙ የተመዘገበበትን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥሩንም ከፊትዎ ያድርጉ።

ቁጥሩ ከታገደ በኋላ ዋናውን መታወቂያ ይዘው የአገልግሎት ማዕከል ይሂዱ። የሞተውን ሲም እንዳይጥሉት! ጀርባውን ብርሃን ላይ ቢያዩት በ89251 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ታትሞበታል። 251 የአገራችን ኮድ ነው፤ የቀረው ያንን ካርድ ብቻ የሚለይ ነው። ሌባው ያወጣው ሲም ስልክ ቁጥሩ የእርስዎ ቢሆንም ይህኛው ቁጥር የተለየ ነው። እጅዎ ላይ ያለው አሮጌው ሲም እርስዎ ምትክ እንዳላወጡ ለማስረዳት ይረዳል። ያለ እርስዎ ምትክ የወጣበት ቀን፣ ሰዓትና ማዕከል ተጣርቶ እንዲያዝ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን ያስመቱ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ነገ የሚያስታውሰው የለም።

አዲሱ ሲም ሥራ እንደጀመረ በ*127# ገብተው 6 አሃዝ ያለውን የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ይቀይሩ፤ ዳታ ባይኖርም ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ቀሪ ሂሳብ ብቻ አይቶ መመለስ። ሂሳብዎ ባዶ ቢሆን እንኳ በስምዎ የ«መላ» ወይም የ«እንደኪሴ» ብድር ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው የሚፈለገው ከእርስዎ ነው። ያልወሰዱት ብድር ካዩ ከመክፈልዎ በፊት አቤቱታዎ ላይ ያስጽፉት፤ ከከፈሉ በኋላ ብድሩ የኔ አይደለም ማለት ይከብዳል።

ስልኩ ከነሲሙ ከተሰረቀ

በጥምቀት ሰሞን፣ ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ በሚኖረው ግፊያ፣ ወይም ቅዳሜ ገበያ ላይ ከኪስ የወጣ ስልክ ዋጋው የቀፎው ብቻ አይደለም። ሌባው ቀፎውን መክፈት ቢያቅተው ሲሙን ነቅሎ በራሱ ስልክ ይከተዋል፤ ቴሌብር ላይ የሚያግደው የሚስጥር ቁጥርዎ ብቻ ይሆናል። የልደት ዓመት ወይም 123456 ከሆነ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ማድረግ ያለብዎ ከላይ እንደተጻፈው ማሳገድና ምትክ ማውጣት ነው።

ለቀጣዩ ግን የሲም ፒን (የሲሙን የሚስጥር ቁጥር) ሥራ ያስጀምሩ፤ በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ሲም ሎክ» የሚለው ነው። ያኔ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ፒን ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ይቆለፋል፤ የሚከፍተው 8 አሃዝ ያለው ፑክ ነው። ፑክን 10 ጊዜ መሳሳት ሲሙን እስከወዲያኛው ይገድለዋል። ስለዚህ ፑኩ የታተመበትን፣ ሲሙ የተነቀለበትን ፕላስቲክ ካርድ ቤት ያስቀምጡ እንጂ ቦርሳ ውስጥ ከስልኩ ጋር አይያዙ።

የማያውቁት ቁጥር በስምዎ ተመዝግቦ ከተገኘ

ይህ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ፖሊስ ይደውላል፣ ወይም ሲም ሊያወጡ ሲሄዱ «በስምዎ እኮ ሌላም አለ» ይባላሉ። ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው መንገድ ዳር የሚደረግ ምዝገባ ነው። ሻጩ መታወቂያዎንና ፊትዎን ፎቶ ያነሣና «አልወጣም፣ እንድገመው» ይላል፤ የመጀመሪያው ግን ወጥቶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ለሌላ ሰው የሚሸጥ ሲም ነው። ይድገሙት ከተባሉ የመጀመሪያው መሰረዙን ስክሪኑ ላይ ያሳየኝ ይበሉ፤ ማፈር የለም። ሁለተኛው ምንጭ ፎቶ ኮፒ ነው። ቤት ለመከራየት፣ ለሥራ፣ ለፔንሲዮን የሰጡት የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ የት እንደሚያድር አይታወቅም። ቅጂው ላይ፣ ፎቶውን በከፊል እንዲነካ አድርገው፣ «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብለው ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ለሲም ማውጫ ሊያውለው የሚፈልግ ሰው ያንን ጽሑፍ ማጥፋት ይቸግረዋል።

መፍትሔው በሁለቱም ድርጅቶች ማዕከል በአካል ቀርቦ በስምዎ ያሉትን ቁጥሮች ማስዘርዘር ነው። አንዱን ጠይቆ መመለስ አይበቃም። የእርስዎ ያልሆነ ቁጥር ካገኙ «ዝጉልኝ» ብቻ ብለው እንዳይወጡ። መቼና የት እንደተመዘገበ እንዲጣራ በማመልከቻ ከጠየቁ በኋላ ያዘጉት። በቁጥሩ ማን ከማን ጋር እንደተደዋወለ ለእርስዎ አይሰጥም፤ ያንን የሚያስወጣው ፖሊስ በሕግ መንገድ ነው።

ቁጥሩ የእርስዎ፣ ስሙ የሌላ ሰው

ለመተማ ሥራ ሲወርዱ አሠሪው ያወጣው፣ ጋሼ ወይም እትዬ በራሳቸው ስም የገዙልዎ ሲም ሊሆን ይችላል። አሥር ዓመት ቢይዙትም በመዝገቡ ላይ ባለቤት አይደሉም። ሲጠፋ ምትክ አይሰጥዎትም፤ የተመዘገበው ሰው ግን በማንኛውም ቀን ሊያወጣው ይችላል። ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ማዕከል በመሄድ ስሙን ያዛውሩ። ሰውየው ከተማ ውስጥ ሳለ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይጨርሱት።

ሰው ይደውልልዎታል፣ ስልክዎ ግን አይጠራም

«ከቴሌ ነው፣ ሲምዎን እናሳድግልዎ» ብሎ **21* ብለው ቁጥር እንዲጨምሩ ያስደረገዎ ሰው ካለ ጥሪዎ ወደሱ እየዞረ ነው። *#21# ብለው ያረጋግጡ፤ ##002# ሁሉንም ይሰርዛል። አጭር መልእክት በዚህ መንገድ አይዞርም፤ ነገር ግን ዋትሳፕ ኮዱን በድምፅ ጥሪም ስለሚናገር ሌባው የሚፈልገው እሱን ነው።

ከቴሌግራምዎ «ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ለዘመድ ከሄደ

መጀመሪያ ለዘመድና ለዕድርተኛ በቀጥታ ደውለው ያስጠንቅቁ። ከዚያ በተከፈተው ስልክዎ «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ» ገብተው «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ይጫኑ። አዲስ የገባ ስልክ ሌሎችን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በነባሩ ስልክዎ የመጀመሪያው ቀን የእርስዎ ነው፣ አያባክኑት። ወዲያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ዋትሳፕ ላይ ቁጥርዎን እንደገና ሲያስመዘግቡ ሌባው ይወጣል፤ እሱ ፒን አስገብቶ ከሆነ ግን 7 ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ

መልእክቶቹን አያጥፉ፤ በስልኩ ላይ እንዳሉ ያሳዩ፣ ስክሪን ሾትም ያንሡ። ኔትወርክ የጠፋበትን ሰዓት፣ 994 የደወሉበትን ሰዓት፣ ገንዘቡ የወጣበትን የግብይት ቁጥር በአንድ ወረቀት በቅደም ተከተል ይጻፉ። ቀፎው ከተሰረቀ ከካርቶኑ ላይ 15 አሃዝ ያለውን የቀፎ መለያ ቁጥር ይገልብጡ፤ ካርቶን ለሌላቸው ቀፎው እጃቸው ላይ ሳለ *#06# ሲሉ ይወጣል። ጉዳዩ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊታይ የሚችል መሆኑን አመልክተው፣ የአቤቱታውን ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ። ባንኩም ሆነ የስልክ ድርጅቱ ቀጥለው የሚጠይቁዎት ያንን ቁጥር ነው።