ሃይላንድ ጣሉ፣ ውሃውን ተመልከቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብሎካችን ልጆች ፊዚክስ አሳያለሁ። አንድ ደንብ አለኝ፦ ምንም ነገር ከመጣሉ በፊት ሁሉም ይገምታል። ያልገመተ ልጅ አይገርመውም፤ ካልገረመው ደግሞ አይጠይቅም።

በቀላሉ ጀምሩ። ደብተርና ከደብተሩ ትንሽ ያነሰ ወረቀት ጎን ለጎን ልቀቁ። ወረቀቱ እየተንሳፈፈ ይዘገያል። ቀጥሎ ወረቀቱን ደብተሩ ላይ አስተኝታችሁ ልቀቁ። አብረው ዱብ ይላሉ። "ቲቸር፣ ደብተሩ ስቦት ነው!" የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥርጣሬ ነው። ወረቀቱን ጨምድዳችሁ ለብቻው ጣሉት፤ ያን ጊዜም ከደብተሩ ብዙ አይዘገይም። ሲያንሳፍፈው የነበረው አየር ነው። አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ የአፖሎ 15ቱ ዴቪድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1971 መዶሻና የጭልፊት ላባ አንድ ላይ ለቆ፣ እኩል አርፈዋል።

ዋናው ግን ሃይላንዱ ነው። ምስማር አግላችሁ ጎኑን ከታች በኩል ብሱት፤ ይህን ትልቅ ሰው ያድርገው። ቀዳዳውን በጣት ደፍናችሁ ውሃ ሙሉት። ክዳኑን አትግጠሙ። ከተገጠመ አየር ስለማይገባ ውሃው ያለዚያም ይቆማል፣ ሙከራው ይበላሻል። ከስር ሳፋ አስቀምጡ፤ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አንደፋውም። አንደኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሆናችሁ ጣታችሁን አንሱ። ውሃው ሲፈስ ሁሉም ይየው። ታች ሰው አለመኖሩን አረጋግጡና ልቀቁት። ከ3 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ 0.8 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ ስለዚህ አንዱ በስልክ ስሎው ሞሽን ይቅረጽ።

ቪዲዮውን ስታዩ ሃይላንዱ ከእጅ እንደወጣ ውሃው መፍሰሱን ያቆማል። እጅ ላይ እያለ የላይኛው ውሃ የታችኛውን እየተጫነ በቀዳዳው ያስወጣዋል። አብረው ሲወድቁ ግን አንዱ ሌላውን አይጫንም። ልጆች "ስበት ጠፋ" ይላሉ። አልጠፋም፤ የሚጥለውማ እሱ ነው። ጠፈርተኞችም የሚንሳፈፉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከመንኮራኩራቸው ጋር አብረው እየወደቁ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ የመሬት ስበት 90 በመቶ ገደማ አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ላይ ልትወረውሩት ነው። "ሲወጣስ ይፈሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኔዎቹ አብዛኞቹ "ይፈሳል" ይላሉ። አይፈስም። ከእጅ ከተለቀቀ በኋላ፣ ሲወጣም ሲወርድም፣ ጠርሙሱንም ውሃውንም እኩል የሚያዛቸው ስበት ነው። ብቻ እንዳይሽከረከር በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ወርውሩት፤ ከተሽከረከረ ውሃው ይረጫል።