ወባን በማይክሮስኮፕ የሚለዩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን እንዴት ማሠልጠን ይቻላል?

የሥልጠናውን ውጤት የሚወስነው አሠልጣኙ አስቀድሞ የሚያሰባስበው የስላይድ ዓይነት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳሠለጥን ያቀረብኋቸው ስላይዶች በሙሉ ጥገኛ ተውሳክ የሞላባቸው ነበሩ። በመጨረሻው ቀን ፈተና ውስጥ ጥቂት ነጻ ስላይዶችን ብቀላቅል፣ አብዛኞቹ ሠልጣኞች በነጻው ስላይድ ላይም ወባ አገኙ። ማግኘትን ብቻ ስላስተማርኋቸው ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከስብስቤ ሲሶው ነጻ፣ ከቀሪውም ብዙው ተውሳኩ አነስተኛ የሆነበት ነው።

ሠልጣኙ ስላይዱን በእጁ ያዘጋጅ። በአንድ ስላይድ ላይ ወፍራምና ቀጭን የደም ቅብ ይሠራል፤ ለወፍራሙ 6፣ ለቀጭኑ 2 ማይክሮ ሊትር ደም ይበቃል። የወፍራሙ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ስላይዱ በታተመ ጽሑፍ ላይ ሲቀመጥ ፊደሉ በደሙ ውስጥ ለጥቂት መነበብ አለበት። ለማድረቅ ሙቀት መጠቀም አይገባም፤ የተቃጠለ ወፍራም ቅብ ቀይ ህዋሶቹ አይፈርሱለትም። ቀጭኑ በሜታኖል ሲጸና ፈሳሹ ወፍራሙን ከነካው ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው።

ለማቅለም ጊምሳ የተባለው ቀለም ያስፈልጋል፤ 10 በመቶ ጊምሳ ለ10 ደቂቃ ወይም 3 በመቶ ጊምሳ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያገለግላል። ጊዜ ካለ ለማስተማሪያ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። የማቅጠኛው ውኃ ፒኤች 7.2 ካልሆነ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዝርያ የያዘው ቀይ ህዋስ ላይ የሚታዩት የሹፍነር ነጠብጣቦች ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ በተራ የቧንቧ ውኃ መቅጠን የሚለውን አቋራጭ አልደግፍም። የቀጠነው ቀለም በዕለቱ ተዘጋጅቶ በዕለቱ ይደፋል።

አስቸጋሪው ንባቡ ነው። በወፍራም ቅብ ላይ ቀይ ህዋሶቹ ስለሚፈርሱ የሚቀሩት ነጭ የደም ህዋሶች፣ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ክፍሎች)፣ ተውሳኩ ካለም ተውሳኩ፣ ከእነዚህም ጋር የቀለም ዝቃጭና ቆሻሻ ናቸው። ሠልጣኙን የሚያሳስቱት ፕሌትሌትና ዝቃጭ ናቸው። እኔ የማስተምረው መመዘኛ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ቀይ ክሮማቲን (የተውሳኩ አስኳል) እና ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም (አስኳሉን የከበበው አካሉ) አብረው መታየት አለባቸው፣ ሁለቱም ከነጭ ህዋሶቹ ጋር በአንድ የትኩረት ደረጃ ላይ መጥራት አለባቸው። ዝቃጭ ብዙ ጊዜ ከደሙ በላይ ስለሚያርፍ፣ የጥቃቅን ማስተካከያውን በቀስታ ሲያዞሩ እርሱ ሲጠራ ነጭ ህዋሶቹ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ሠልጣኙ እጁን ከማስተካከያው ላይ እንዳያነሣ እከታተላለሁ።

ሌላው ልምምድ መሣል ነው። ሠልጣኙ «ተውሳክ ነው» ብሎ የጠረጠረውን ነገር በቀለም እርሳስ ይሥላል፤ ሰማያዊውን ክፍል መሣል ሲያቅተው ብዙውን ጊዜ የሚሥለው ነገር ተውሳክ አለመሆኑን ራሱ ይደርስበታል። በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮችን ሳያይ ግን «ነጻ» ብሎ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም።

ዝርያውን ለመለየት ወደ ቀጭኑ ቅብ ይኬዳል። ተውሳኩን የያዘው ቀይ ህዋስ ተለቅ ያለና ነጠብጣብ የወጣበት ከሆነ ቫይቫክስን፣ መጠኑ ሳይለወጥ ቀጫጭን ቀለበቶች የበዙበት ወይም ማጭድ መሰል ጋሜቶሳይት (ለመራባት የተዘጋጀ ተውሳክ) የሚታይበት ከሆነ ፋልሲፓረምን ያመለክታል።

ለቆጠራ በወፍራሙ ላይ 200 ነጭ ህዋስ እስኪሞላ ተውሳኩ ይቆጠራል፤ ከ100 በታች ከተገኘ እስከ 500 ነጭ ህዋስ ይቀጠላል። በ200 ነጭ ህዋስ 120 ተውሳክ ቢገኝ፣ 120 በ8000 (በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ይኖራል ተብሎ በሚገመተው የነጭ ህዋስ ቁጥር) ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 4800 ይሆናል።

በፈተናው ለእያንዳንዱ ስላይድ 10 ደቂቃ ይሰጣል፤ መልሱም አስቀድሞ ከአንድ በላይ በሆኑ ልምድ ያላቸው አንባቢዎች የተረጋገጠ ይሁን። በዓለም ጤና ድርጅት ምዘና አንደኛ ደረጃ ለማግኘት ተውሳክ መኖር አለመኖሩን በመለየትም ዝርያውን በመለየትም ቢያንስ 90 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። የፈተና ስላይዶቹ ለልምምድ ከወጡ ሠልጣኞቹ ቁጥራቸውን ስለሚያስታውሱ፣ በሌላ ሣጥን ተቆልፈው ከብርሃን ርቀው ይቀመጡ።