የአደይ አበባ ካርድ በተደራራቢ ወረቀት

ለእንቁጣጣሽ ካርድ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ነጭ ኤ4 ወረቀት ይምረጡ። ከማጠፍዎ በፊት መሐሉን በማስመሪያና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብለው ያስምሩበት፤ አለበለዚያ እጥፋቱ ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ 13.8 በ20 ሴንቲሜትር አረንጓዴ ወረቀት ይለጥፉ።

ዋናው ውበት አበባው ነው። ከቢጫ ወረቀት 8 ቅጠል ያላቸው ሁለት አበቦች፣ አንዱን 7፣ ሌላውን 5 ሴንቲሜትር አድርገው ይቁረጡ። ቅጠሎቹን በእርሳስ ጠቅልለው ወደ ላይ ያጉብጧቸው። በሁለቱ መካከል 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ቁራጭ ያስገቡ፤ የትንሹ ቅጠሎች በትልቁ ክፍተቶች ላይ ይረፉ። ማስቲሹን መሐል ላይ ብቻ በጠብታ ያድርጉ፤ ከበዛ ወረቀቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ይጨማደዳል።

ምኞትዎን አበባው ከመለጠፉ በፊት ይጻፉ፤ ካርቶን የገባበት አበባ ከተለጠፈ በኋላ ካርዱ ጠፍጣፋ ስለማይሆን ጽሑፉ ይጣመማል።