በመኸር ቅጠል ያጌጠ የሻማ ማስቀመጫ፦ ችግርና መፍትሄ

በመኸር ወራት ቀለማቸውን ለውጠው የሚረግፉ ቅጠሎችን በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ላይ በነጭ ኮላ ለጥፎ፣ ውስጡ ሻማ ማብራት ቀላል የእጅ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በተሠራበት ቀን ያማረው ጠርሙስ ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ ተነቃቅሎ፣ ኮላው ደፍርሶ ወይም አፉ በጥላሸት ጠቁሮ ሲገኝ የደከሙበትን ሰው ያሳዝናል። በእኔ እምነት ከእነዚህ ጉድለቶች የሚበዙት ሻማው ከመለኮሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ቅጠሉ በሚገባ ሳይደርቅና ጠርሙሱ ሳይጸዳ ወደ ማጣበቁ ከመቸኮል የሚመጡ ናቸው።

የቅጠሉ ጠርዝ እየተነሳ ይጠቀለላል

መፍትሄ ከመፈለግዎ በፊት የተነሳውን ጠርዝ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ገልጠው ከሥሩ ያለውን ኮላ ይመልከቱ። ኮላው እንደ ስስ ላስቲክ ከቅጠሉ ጋር አብሮ ከብርጭቆው ከተላቀቀ፣ ምክንያቱ በጠርሙሱ ላይ የቀረ የጣት ቅባት ወይም የወረቀት ምልክቱ የተለጠፈበት ሙጫ ነው። ኮላው ብርጭቆው ላይ ቀርቶ ቅጠሉ ብቻውን ከተነሳ ግን ችግሩ የቅጠሉ ነው፤ ወይ እርጥበት እያለው ተለጥፎ ሲደርቅ ተኮማትሯል፣ ወይ ከመጠን በላይ ደርቆ የጠርሙሱን ጉብታ ተከትሎ መታጠፍ አቅቶታል።

ለመጀመሪያው፣ እኩል መጠን ያለው ቤኪንግ ሶዳና የምግብ ዘይት ለውሰው ሙጫው ላይ ይቀቡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈትገው በሳሙና ይጠቡት፤ ሲደርቅም በአልኮል ይወልውሉት። ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱን በአፉና በመቀመጫው ብቻ መያዝ ይገባል። ለሁለተኛው፣ ቅጠሉን ውኃ በሚመጥ ወረቀት መሀል አድርገው ከከባድ መጻሕፍት ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱን መለወጥ አይዘንጉ። ደርቆ የሚሰበር ቅጠል ካለዎት አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሲዘፈዘፍ ይለሰልሳል፤ ሆኖም ቅባቱ ኮላውን እንዳይከለክል ከመለጠፉ በፊት በጥንቃቄ መድረቅ አለበት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የቅጠሉ መሀል አጥንት ነው። ወፍራም ከሆነ ግራና ቀኙን ከብርጭቆው ያርቀዋልና ከጀርባው በምላጭ ሳሳ አድርገው ይላጡት።

ቀዩ ቅጠል ቀለሙን ይለቃል ወይም ይጠቁራል

በመኸር አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል ሲከስም ቀድሞም በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ካሮቲኖይድ ይገለጣል። ቀይ ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን ግን በአብዛኛው በዚያው ወቅት የሚፈጠር ሲሆን በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ በውኃ የቀጠነ ኮላ ሲነካው ወደ ዙሪያው ይፈስሳል። መፍትሄው ቀዩን ቅጠል ከመለጠፍዎ በፊት በሁለቱም ገጽ ውኃ የሌለበት የሚረጭ ቫርኒሽ ነፍቶ፣ ከእሳት ርቆ ፈጽሞ እንዲደርቅ መተው ነው። የጠቆረው አይመለስም፤ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ልጠው ያንሱት። ረጅም ዕድሜ ለሚፈልግ ሰው ቢጫ ቅጠልን እመርጥለታለሁ።

ኮላው ነጭ ሆኖ ይቀራል

ወፍራም ተቀብቷል ወይም ውስጡ አልደረቀም ማለት ነው። ሁለት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውኃ አቅጥነው በስሱ ይቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ፤ ሻማ ከመለኮስዎ በፊትም ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠብቁ።

የጠርሙሱ አፍ በጥላሸት ይጠቁራል

ጥላሸት በሚገባ ያልተቃጠለ ሰም ነው። ክሩ ረዝሞ ከሆነ ከመለኮሱ በፊት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይቁረጡት። ክሩ አጭር ሆኖም የሚያጨስ ከሆነ ጠርሙሱ ለጥልቀቱ አፉ ጠብቧል፤ ትኩስ አየር በሚወጣበት በዚያው አፍ ንጹሕ አየር መግባት ስላለበት ነበልባሉ ይታፈናል። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ መምረጥ ወይም ከሻማው ሥር አሸዋ ጨምሮ ከፍ ማድረግ ይበጃል። የጠቆረውን በደረቅ ወረቀት ከጠረጉ በኋላ በአልኮል ይወልውሉት፤ መጀመሪያ ከረጠበ ይለቀለቃል።

ጠርሙሱ ይሰነጠቃል

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። ተራ የጠርሙስ ብርጭቆ ሲሞቅ የሚለጠጠው፣ ሙቀት እንዲችል ከተሠራው ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ሦስት እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ ነበልባሉ የቀረበው አንዱ ጎን ሲለጠጥ ቀዝቃዛው ጎን እንዳለ ይቀርና መሀሉ ይተረተራል። ስለዚህ ሻማው ከግድግዳው እኩል ርቆ ደረቅ በሆነ 2 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ይቀመጥ፤ ሰሙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ይጥፋ፤ ትኩሱን ጠርሙስም ቀዝቃዛ ድንጋይ ወይም እርጥብ ጨርቅ ላይ አያኑሩት። ከመጀመርዎ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ዙሪያውን ይመርምሩ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለበት ለአበባ ያውሉት እንጂ ሻማ አያስገቡበት። ቅጠል ምንጊዜም ከውጭ ይለጠፋል፤ በሻማው ዙሪያ ደረቅ ቅጠል መነስነስ እሳት መጋበዝ ነው፤ ሲባጎም ቢሆን ከአፉ ዝቅ ብሎ ይታሰር። የተሰነጠቀ ጠርሙስ በኮላ አይጠገንም፤ በወፍራም ወረቀት ጠቅልለው ይጣሉት።

ሰሙ ከታች ተጣብቆ እምቢ ይላል

ጠርሙሱ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ለጥቂት ሰዓታት ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩት፤ ሰሙ ተኮማትሮ በራሱ ይላቀቃል። ከረጢቱን የሚፈቱት ጠርሙሱ ወደ ክፍሉ ሙቀት ከተመለሰ በኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ የሚያልበው ውኃ የደረቀውን ኮላ እንደገና ያነጣዋል።