የጃፓን ድራማ ከእናት ጋር እንዴት ይታያል

የጃፓን ድራማ ልትጀምሩ ካሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ። ብቻችሁን ጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ አትዩት። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና እየተረጎማችሁለት እዩ። እኔ ከእማዬ ጋር ነው የማየው፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ እራት ከተበላ በኋላ። ያደክማል። አፍ ይደርቃል። ግን ብቻዬን ሳይ ያለፈኝን ነገር ሁሉ ያገኘሁት እሷ "ምን አለችው?" እያለች ስትነዘንዘኝ ነው።

እማዬ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የቃና ተመልካች ናት። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ሲመጣላት ለምዳለች፣ ሰውዬው በሩን በርግዶ ከመግባቱ በፊት ሙዚቃው ይነግራታል። የጃፓኑን መጀመሪያ የከፈትኩላት ቀን "ድምፁን ጨምረው እንጂ" አለችኝ። ድምፁ ልክ ነበር። የሚናገር ሰው ነው የጠፋው። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወንዝ ያያሉ፣ በቃ። ይህን ዝምታ ስልክ እየጎረጎራችሁ አትሙሉት። ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነገር የሚሆነው እዚያ ላይ ነው፣ አንዱ የሻይ ጣሳውን ወደ ሌላው ገፋ ያደርጋል፣ ካላያችሁት ቀጣዩ ክፍል አይገባችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ዕቃው ይዘጋጅ። እኔ ሁሌም ቀድሜ ፍላሽ ላይ እጭናለሁ። ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ያዳነኝ ፍላሽ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ቀጥታ አይቼ አላውቅም። ፊልሙ ለብቻ፣ ሰብታይትሉ ለብቻ ፋይል ከሆነ የሁለቱን ስም አንድ ዓይነት አድርጉት፣ አለዚያ ቴሌቪዥኑ ጽሑፉን አያወጣውም። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ስታዩ ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ "ጂ" እና "ኤች" የሚሉትን ፊደላት ተጫኑ፣ ትንሽ በትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋላችኋል። ደግሞ ሳትጀምሩ አንድ ደቂቃ ሞክሩት። አንድ ጊዜ ፍላሽ የሚጭንልኝ ልጅ የሦስተኛውን ክፍል ጽሑፍ ከአምስተኛው ክፍል ጋር ገጥሞ ሰጠኝ። እኔም አሥር ደቂቃ ሙሉ ሐኪሙ ስለ ቤት ኪራይ እንደሚከራከር አድርጌ ስተረጉም ቆየሁ። እማዬ ምንም አልገረማትም። "ሐኪምም ይከራያል" አለች።

ርዝመቱ አያስፈራም። የተለመደው የጃፓን ድራማ በሳምንት አንድ ጊዜ እየወጣ በአሥር ወይም አሥራ አንድ ክፍል ያልቃል። የእነሱ ቴሌቪዥን ዓመቱን ለአራት ይከፍለዋል፣ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይ፣ በኦክቶበር አዲስ ይጀምራል፣ ሦስት ወሩ ሲሞላ ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃል። ስለዚህ ተወደደ ተብሎ አይለጠጥም። ማንም ከሞት አይነሳም፣ የጠፋ መንትያ አይመጣም። ለእኔ ትልቁ ውበቱ ይሄ ነው። ለእማዬ ትልቁ ጉዳቱ ይሄው ነው፣ "ገና ሳንላመድ" ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ስለ ስም አጠራር። ጃፓኖች ስም ራቁቱን አይጠሩም። ለእኩያም ለማያውቁትም "ሳን" ይጨምራሉ፣ ለትልቅ እንግዳ "ሳማ"፣ ለወንድ ልጅ ወይም ለበታች "ኩን"፣ ለሕፃንና ለሚያቆላምጡት "ቻን"። መምህርም ሐኪምም ጠበቃም "ሰንሴ" ነው። እንግሊዝኛው ሰብታይትል ይህን ሁሉ ጠርጎ ይጥለዋል። እኛ ግን "አንተ" እና "አንቱ" እያልን ያደግን ሰዎች ነን፣ ጆሯችን የተሠራው ለዚህ ነው።

አንድ ቢሮ የሚሠሩ ወንድና ሴት የሚዋደዱበት ድራማ እናይ ነበር፣ ስሙን ተዉት፣ ድራማው ራሱ ያን ያህል አይደለም። ሰባት ክፍል ሙሉ ልጁ በቤተሰቧ ስም ላይ "ሳን" እየጨመረ ይጠራታል። ስምንተኛው ላይ ዝናብ ሆነ፣ አንድ ጃንጥላ ሥር ቆሙ፣ ልጁ የራሷን ስም ጠራ። ከታች ያለው ጽሑፍ ከመጀመሪያውም በራሷ ስም ብቻ ስለሚጽፋት ምንም የተለየ ነገር አላሳየም። እኔም አንብቤ አለፍኩ። እማዬ ትሪ ይዛ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

"ዛሬ ሳን የለም?" አለች።

መልሼ አየሁት። የለም።

"አንቱታው ቀረ በላ። ተደፋፈሩ።"

ከዚያች ማታ ጀምሮ አተረጓጎሜን ቀየርኩ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። "ሳን" የእኛን "አንቱ" ያህል ከፍ አይልም፣ ቢሆንም ሰዎቹ እስኪቀራረቡ ድረስ "እርስዎ" እያላችሁ ቆዩ። "ሳን" የወደቀ ቀን ወደ "አንቺ" ውረዱ። "እወድሻለሁ" የሚለውን አትጠብቁ፣ ከመጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ፍቅሩ የተነገረው "ሳን" የወደቀ ቀን ነው። ሌሎች ቃላትም አሉ፣ እየተደጋገሙ ስለሚመጡ ቶሎ ትለምዷቸዋላችሁ። "ሱሚማሰን" ልክ እንደ እኛ "ይቅርታ" ነው፣ አስተናጋጅም ይጠሩበታል። ከሥራ ሲወጡ የሚባባሉትን "ኦትሱካሬሳማ" እንግሊዝኛው "ጥሩ ሥራ" ይለዋል፣ እኔ "በርቱ" እለዋለሁ፣ ይሻላል። "ኢታዳኪማስ" ግን አስቸግሮኛል። ምግብ ሊጀምሩ ሲሉ ነው የሚሉት። እማዬ "እንብላ ነው?" አለችኝ። አይደለም፣ የቀረበልኝን በምስጋና እቀበላለሁ ዓይነት ነው አልኳት። "ልክ ነው፣ እንብላ ቢልማ ብቻውን አይበላም ነበር።"

ይህን ያለችው "ኮዶኩ ኖ ጉሩሜ" ስናይ ነው፣ 2012 ላይ የጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ዕቃ ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ደንበኛ ጋ ይሄዳል፣ ይርበዋል፣ ምግብ ቤት ይፈልጋል፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ስለሚበላው በልቡ ያወራል። ሌላ ታሪክ የለም። የሚገባባቸው ምግብ ቤቶች በእውን ያሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ክፍል እንደጨረስን እማዬ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ብላ ፈረደችበት። በአራተኛው ግን "ዛሬስ ምን ሊበላ ነው?" ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ አሳ ሲበላ ባየሁ ቁጥር በማግስቱ ጣና ዳር ወርጄ ጥብስ አሳ በዳጣ ካልበላሁ አልረጋጋም፣ ስለዚህ በጀት ያዙ።

ለጀማሪ ግን ከዚህ ይልቅ "ሺንያ ሾኩዶ"ን እመርጣለሁ፣ የእኩለ ሌሊት ምግብ ቤት እንደማለት ነው፣ 2009 ላይ ነው የጀመረው። ቤቷ ቶኪዮ ሺንጁኩ ውስጥ ናት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ትከፈታለች። ሜኑው ላይ የተጻፈው ከመጠጥ ሌላ አንድ የአሳማ ሾርባ ብቻ ነው። ግን ደንበኛው የፈለገውን ይጠይቃል፣ ባለቤቱ የሚሠራበት ነገር ካለው ይሠራለታል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ማፊያ ገብቶ ምን ቢያዝዝ ጥሩ ነው? ለልጆች ምሳ ዕቃ የሚደረገውን ቀይ ቋሊማ፣ ያውም በኦክቶፐስ ቅርጽ የተቆረጠ። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ መብራት ሳይሄድ ይጨርሳል። ረቡዕና ዓርብ ግን አትክፈቱት። እማዬ "በጾም ይሄን አታምጣብኝ" ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ዝምታ የሰለቸው "ሀንዛዋ ናኦኪ"ን ይይ። 2013፣ አሥር ክፍል፣ የመጨረሻው በቶኪዮና አካባቢዋ 42.2 በመቶ ተመልካች ያገኘ። የባንክ ሠራተኛ ነው፣ አለቃው ባስገደደው ብድር የተበላውን 500 ሚሊዮን የን ለማስመለስ ይነሳል። "በእጥፍ እመልስልሃለሁ" ይላል፣ ይመልሳልም። እዚህ ማንም ዝም አይልም። ዓይን ይፈጣል፣ ከንፈር ይንቀጠቀጣል። ከተዋንያኑ አንዳንዶቹ የካቡኪ፣ ማለትም ፊትን አጋንኖ የሚያጫውተው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ሰዎች ናቸው፣ አትገረሙ። ትልቁ ቅጣት "ዶገዛ" ነው፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት አስነክቶ ይቅርታ መጠየቅ። ይህን ስታስረዱ ብዙ አትድከሙ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እንደመምጣት ነው በሏቸው፣ ያበቃል። እማዬ ግን አልተዋጠላትም። ድንጋይ የሚሸከም ሰው በሽማግሌም ቢሆን ፈቅዶ ነው የሚመጣው፣ "በግድ የተንበረከከ ይቅርታ አልጠየቀም" አለች። እኔ እያጨበጨብኩ ነበር።

የሚያናድደኝም አለ። መጨረሻ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቆሞ ይሰብካል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ያየነውን መልሰው ያሳዩናል፣ የረሳን ይመስል። መሳሳሙስ? ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው እንደ ግንድ ይቆማሉ። ይሄኛው ግን ከእናት ጋር ለሚያይ ሰው በረከት ነው፣ ሪሞት ፍለጋ መሯሯጥ የለም።

"ኦሺን"ን ለመጨረሻ አቆዩት። ከ1983 እስከ 1984 ኤንኤችኬ በሚባለው የጃፓን የሕዝብ ጣቢያ በየጠዋቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ የተላለፈ፣ 297 ክፍል ያለው ነው፣ አማካይ ተመልካቹ 52.6 በመቶ ነበር። በአንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ክፍል በላይ አትዩ፣ ያማል። ኦሺን የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ቤተሰቧ ስለተቸገረ ለአንድ ጆንያ ሩዝ ሰው ቤት ልትሠራ ትላካለች። በረዶ ነው። በወንዙ ላይ እንጨት ተጠላልፎ በተሠራ ተንሳፋፊ አስቀምጠው ይወስዷታል፣ እየጮኸች እናትና አባቷን ትጠራለች።

"'እናቴ' እያለች ነው" አልኩ ልተረጉም።

"ተወው፣ ሰምቻለሁ" አለች እማዬ።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን እያየች፣ "እኔም ከዘጌ ስመጣ በታንኳ ነው የመጣሁ" አለች። "ማገዶ ጭኖ ለገበያ የሚሄድ ታንኳ ነበር። እንጨቱ ላይ አስቀመጡኝ።" ባሕር ዳር ዘመድ ቤት እንዳደገች አውቃለሁ። እንዴት እንደመጣች ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ክፍሉ አለቀ። ፍላሹን ልነቅል ስነሳ "ስንት ነው ያልከኝ ጠቅላላው?" አለች።

"297።"

"ነገ ቡና ሳይፈላ ጀምርልኝ።"