አሮጌ የኤፍ ኤም ቱነር ስትገዙና ስታዳምጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ቶሎ ቤቱ ያስገባዋል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲጠና፣ ከመሸ በኋላ በር ይዘጋል፤ ጋቢ ይደረባል። እኔ እንዲህ ባለው ምሽት አሮጌ ቱነሬን፣ ማለትም የሬዲዮ ጣቢያ መያዣ ዕቃዬን፣ እከፍታለሁ። የመስታወቱ መብራት ቦግ ይላል። መርፌዋን ቀስ እያልኩ ጣቢያው ላይ ሳደርሳት ያ ሹሹታ ድንገት ይጠፋና የሰው ድምፅ ክፍሉ መሃል ቁጭ ይላል። ይሄን ደስታ በስልክ ሬዲዮ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ነገር የሚጠይቁኝ ሰዎች እየበዙ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው "የትኛው ማርክ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ "ቤትህ የት ነው?" እላለሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከማርኩ ይልቅ ተራራውና የአንቴናው ሽቦ ይወስናሉ። ያየሁት አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይሄን ከመርሳት ነው።

ቱነርን እንደ ሙሉ ሬዲዮ ማየት

ይሄ አጭር ነው። ቱነር ጣቢያ ይይዛል እንጂ ስፒከር አያንቀሳቅስም። ድምፁን አጉልቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ካሉ ዕቃው ሪሲቨር ይባላል፤ እኛ አገር ግን ሪሲቨር ሲባል ሰው የሚያስበው የዲሽ ዕቃ ስለሆነ፣ ስትገዙ ቃሉን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። የስፒከር መሰኪያ ከሌለው ቱነር ብቻ ነው። ስታገናኙት "ቱነር" ወይም "ኦክስ" የሚለው ላይ ሰኩት። "ፎኖ" የሚለው የሸክላ ማጫወቻ ቦታ ነው። እዚያ ከሰካችሁት ድምፁ ተሰነጣጥቆ ይወጣል።

ሳይመረምሩ የጃፓን ዕቃ መግዛት

"ኦሪጅናል ጃፓን ነው" የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስከፍሏል። ጃፓኖች ግሩም ቱነር ሠርተዋል፤ እሱን አልክድም። ግን ለራሳቸው አገር የሠሩት የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ነው። የእኛ ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከመስታወቱ ውጪ ናቸው። ዕቃው ምንም አልተበላሸም፤ ጣቢያዎቹ እሱ የማያውቀው ሰፈር ውስጥ ናቸው። ከጃፓን የገባ መኪና የነዳ ሰው ይሄን ችግር በደንብ ያውቀዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የመስታወቱን ቁጥር አንብቡ። 88 ብሎ ጀምሮ 108 ላይ የሚያልቅ ከሆነ ጥሩ። የድሮ የጀርመን ዕቃዎች ውስጥ 100 ወይም 104 ላይ የሚያበቁ አሉ። ከሶቭየት ኅብረት የመጡት ደግሞ ለዚያው አገር ከተሠሩ ከ65.8 እስከ 74 ሜጋ ኸርዝ ነው የሚይዙት፤ እዚህ ለኤፍ ኤም አይረዱም።

የአሜሪካ ዕቃ ቁጥሩ ይስማማል፤ ሁለት ነገር ግን አለበት። አንደኛው፣ ዲጂታል የሆኑት አንዳንዶቹ በ200 ኪሎ ኸርዝ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት፤ 97.1፣ 97.3፣ 97.5 እያሉ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ጎዶሎ የሆነ ጣቢያ ይያዛል፤ ሌላው መሃል ላይ ይቀራል። በእጅ የሚዞር መርፌ ያለው ግን ይሄ ችግር የለበትም። ሁለተኛው ጆሮን የሚመለከት ነው። ጣቢያዎች ሹሹታውን ለመቀነስ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርገው ይልካሉ፤ ቱነሩ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ልኬቱ አሜሪካ 75 ማይክሮ ሰከንድ ሲሆን አውሮፓንና እኛን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም 50 ነው። የአሜሪካው ቱነር እዚህ ሲመጣ ከሚገባው በላይ ይቀንሰዋል፤ ክራሩም ማሲንቆውም ትንሽ የታፈነ ይመስላል። አንዳንዱ ዕቃ ጀርባው ላይ መቀየሪያ አለው። ከሌለው የአምፕሊፋየሩን "ትሬብል" (የቀጭን ድምፅ ቁልፍ) ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበቃል። የሚችል ባለሙያ ካለ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚይዙ ክፍሎች) ቀይሮ ያስተካክለዋል።

ሶኬት ውስጥ ቸኩሎ መሰካት

የጃፓን 100 ቮልት፣ የአሜሪካ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። ይሄን ሳያዩ የሰኩ ሰዎች ትራንስፎርመሩን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ለውጭ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ጀርባቸው ላይ የቮልት መምረጫ አላቸው፤ 220 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ከሌለው 220ውን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙለት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ይዘላል፤ 50 ዓመት የሞላው ዕቃ ያንን አይችለውም።

በታዋቂ ስም መታወር

ማራንትዝ 10ቢ፣ ማኪንቶሽ ኤምአር 78፣ ሳንሱይ ቲዩ 9900። እነዚህን የቱነር ስሞች በዓለም ላይ ያለ ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃቸዋል። ማራንትዙ ፊቱ ላይ የሞገዱን ቅርፅ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ሁሉ አለው። ሲያዩት ያምራል፤ እኔም ባገኘው ደስ ይለኛል።

ግን ማኪንቶሹን ገናና ያደረገው ምን እንደሆነ አስቡት። የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ጣቢያ በጣቢያ ላይ ተደራርቧል። ደካማውን ጣቢያ ከጎኑ ካለው ኃይለኛ ጎረቤት ነጥሎ ማውጣት ትልቅ ችሎታ ነው፤ ኤምአር 78 ዝናውን ያገኘው በዚህ ነው። እኛ ዘንድ ግን መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ላይ መርፌዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትወስዱት አብዛኛው ባዶ ነው። የእኛ ችግር ጣቢያ ከጣቢያ መለየት አይደለም፤ ከሩቅ የመጣውን ቀጭን ሞገድ መያዝ ነው። ለዚህ ደግሞ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ በደንብ የተያዘ ፓዮኒር፣ ኬንዉድ ወይም ያማሃ ከጥሩ አንቴና ጋር ስሙ ከገነነው ዕቃ ይሻላችኋል። ታዋቂ ዕቃ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ገንዘቡን ሁሉ ሳጥኑ ላይ ጨርሳችሁ አንቴናው ላይ አንድ ሜትር ሽቦ አትንጠልጥሉ ነው የምለው።

አንቴናን መናቅ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው። ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ይጋርደዋል። እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ላይ ተመልሶ አይመጣም። ከአዲስ አበባ ሬዲዮ እየሰማ መኪና የነዳ ሰው ይሄን ያውቃል። ሜዳውን ሁሉ ድምፁ ይጠፋል፣ ይመጣል። ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲታጠፍ ግን ግድግዳ እንደተገነባበት ነው፤ ተራራው ከኋላ ቀርቷል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ያ ከፍታ ይረዳል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላለ ሰው ግን የአዲስ አበባን ጣቢያ በቱነር እሰማለሁ ብሎ ገንዘብ ማውጣት ልፋት ነው። ለእሱ በአቅራቢያው የሚያሰራጨውን ማዳመጥ ይሻላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በትንሽ ባትሪ ሬዲዮ ግቢያችሁ ውስጥ ዙሩ። ጣራ ላይም ውጡ። በጥቂቱም ቢሆን የሚንሾካሾክ ጣቢያ ካለ ጥሩ ቱነር ያወጣዋል። ፈጽሞ ምንም ከሌለ ግን የትኛውም ቱነር አይፈጥረውም።

አብዛኛው ሰው አንቴናውን ክፍል ውስጥ ያደርገዋል። ቤታችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። አንቴናውን ከቆርቆሮው በላይ ማውጣት ብቻውን ቱነር የቀየራችሁ ያህል ለውጥ ያመጣል። እኛ አካባቢ ደግሞ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ አንድ ቀጥ ያለ አጠና ይበቃል።

ቀላሉ አንቴና እንዲህ ነው። ሁለት ሽቦ ወይም ሁለት ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ውሰዱ። እያንዳንዱ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ፊትና ኋላ አድርጋችሁ በአንድ መስመር ዘርጓቸው፤ መሃል ላይ እንዳይነካኩ ትንሽ ክፍተት ተዉ። በክፍተቱ በኩል የቴሌቪዥን ኬብሉን የመሃል ሽቦ ለአንዱ፣ የውጪውን ጉንጉን ለሌላው እሰሩ። አቅጣጫ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ብዙ ሰው የቱቦውን ጫፍ እንደ ጠመንጃ ወደ ጣቢያው ይደግነዋል። እንደዚያ አይደለም፤ አንቴናው የሚሰማው በጎኑ ነው። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን በደቡብ ምዕራብ በኩል ስለሆነች፣ ቱቦው ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዘርጋት አለበት። አጋድማችሁት ካልሠራ ደግሞ በቁሙ ሞክሩት።

ሌላም አለ። ኬብሉን ከዲሽ የሚያገናኙ አይቻለሁ። ዲሽ ለሳተላይት ነው፤ ኤፍ ኤም አይቀበልም። ርካሽ ቡስተር (የሞገድ ማጉያ) ገዝቶ ቱነሩ አጠገብ መሰካትም አይረዳም፤ ሹሹታውንም አብሮ ያጎላዋል። ከተማ ውስጥ ማሰራጫ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ጣቢያ ሦስት አራት ቦታ ላይ ይሰማል። ያ ሞገዱ ስለበዛ ነው። "ሎካል" የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑት፤ ከሌለው አንቴናውን አሳጥሩት።

ስቴሪዮ ካልሆነ አይጥመኝም ማለት

ስቴሪዮ ስርጭት፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ስፒከር የተለያየ ድምፅ የሚልከው፣ ለሁለቱም አንድ ድምፅ ከሚልከው ከሞኖ የበለጠ ኃይለኛ ሞገድ ይፈልጋል። ሩቅ ያለ ጣቢያ በስቴሪዮ ሲንሿሿ ሞኖ ላይ ብታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ይላል። ወሬና ቃለ መጠይቅ በሞኖ ማዳመጥ ምንም አያጎድልም። የሞኖ ቁልፉን ተጫኑት፤ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ካቻቢቴ ይዞ መግባት

ይሄ የሚያሳዝነኝ ነው። ቱነር ስትከፍቱ ውስጡ ትንንሽ የብረት ቆቦች ታያላችሁ። አናታቸው ላይ ብሎን የሚመስል ነገር አለ፤ የላላም ይመስላል። ሰው ያጠብቀዋል። ያ ግን ብሎን አይደለም። ፋብሪካው በመሣሪያ እየለካ ያስቀመጠው የመስተካከያ ልብ ነው። ሩብ ዙር እንኳ ሲዞር ቱነሩ ይደነቁራል፤ ልቡ ራሱ እንደ ጠመኔ ስለሆነ ተሰንጥቆ ሊቀርም ይችላል።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከአንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የመጀመሪያ ቱነሬን ይዤላቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ብሎኖቹን ሁሉ አጠባብቄዋለሁ፤ ግን ከበፊቱ ባሰበት" አልኳቸው።

ብዙ ዝም ብለው አዩትና፣ "ልጄ፣ ይቺ ማስተካከያ እንጂ ማጥበቂያ አይደለችም። ያልለካኸውን አትንካ" አሉኝ። ቱነሩን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ጽዳት ላይም ተጠንቀቁ። የመስታወቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የታተሙት በውስጥ በኩል ነው። በአልኮል ስትጠርጉት ቁጥሩ አብሮ ይለቃል፤ ባዶ መስታወት ይቀራል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። ቁልፎቹ ሲንቋቁ ላምባ ወይም ቤንዚን የሚያፈሱም አሉ፤ ፕላስቲኩን ይበላል፣ እሳትም ነው። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ተጠቀሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. መጣ። ከ1992 በፊት በየቤቱ የገቡት ትልልቅ ሬዲዮዎች ኤፍ ኤም የሚል ቁልፍ ይዘው፣ የሚሰማ ነገር ሳይኖር ዓመታት ቆይተዋል። ማንም ያልነካው ቁልፍ ደግሞ ይዝጋል። ስለዚህ ከአያት ቤት የወጣ ሬዲዮ ኤፍ ኤሙ አልሰራ ሲል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ለቆራሌውም አትስጡት። ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅላችሁ ቁልፉን 20፣ 30 ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። እኔ ሁለት ዕቃ በዚህ ብቻ አድኛለሁ።

ዳንቴል ማልበስ

እናቴ ቱነሬን ስታየው መጀመሪያ ያደረገችው ዳንቴል ማልበስ ነበር። ፍቅር ነው፤ ቤታችን ውስጥ የተከበረ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። ግን ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሙቀት መውጫ ናቸው። ሲታፈን ካፓሲተሮቹ ቶሎ ይደርቃሉ። ተስማማን፤ አሁን ዳንቴሉ ከሥር ተነጥፏል። አምፕሊፋየር ላይ ደርቦ ማስቀመጥም እንዲሁ አይመከርም፤ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ያው ነው።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከውርጭ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ዕቃ ውስጡ ላብ ይይዛል፤ ሳይደርቅ አትክፈቱት። ከተከፈተ በኋላም ለ15፣ 20 ደቂቃ ተዉት። በመርፌ የሚሄዱት አሮጌዎቹ እስኪሞቁ ድረስ ከጣቢያው ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ፤ ብልሽት መስሏችሁ አትደንግጡ።

በክረምት አንቴናውን መርሳት

ጣራ ላይ አጠና ያቆመ ሰው መብረቅን ማሰብ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ነጎድጓዱ ቀልድ አያውቅም። ቱነሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አደጋው በአንቴናው ኬብል ነው የሚገባው። ሰማዩ ከመጥቆሩ በፊት የመብራቱንም የአንቴናውንም ገመድ ንቀሉ፤ የአንቴናውን ጫፍ ከቤት ውጪ አውጡት። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን በእጃችሁ አትንኩት። እኔ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስሄድ፣ ዝናብ ባይታይም እንኳ ክረምቱን ሙሉ ነቅዬው ነው የምወጣው። ማታ ዝናቡ ሲያባራ መልሼ እሰካዋለሁ።